የፈሪው ባሌ የጀርመን ኒሻኖች

ያን ዕለት ጠዋት ወለል እየለቀለቅሁ ነበር። ጻፊ እንጂ፣ ምን ታዪኛለሽ? እበት ባልኩ ቁጥር አፍንጫሽን የምትይዢው ሲሚንቶ ላይ ስላደግሽ ነው። ያኔ ሆሳዕና ውስጥ ሲሚንቶ ወለል ያለው ሰው ስንት ነበር? የቀረነው እበቱን ከጭቃ ጋር በጥብጠን በእጃችን ነው የምንለቀልቀው። ሲደርቅ ሽታው ይጠፋል፣ ቁንጫውም ይጠፋል፣ የማይጠፋው የወገብ ሕመም ብቻ ነው።

እና እጄ እስከ ክርኔ እበት ውስጥ ነው። አያትሽ ሽፈራው በሩ አጠገብ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ኒሻኖቹን በአመድና በሎሚ ያሻል። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሥራው ይሄው ነው፤ ያሻል፣ ወደ ብርሃን ያነሳል፣ እንደገና ያሻል። እኔ ከጓዳ ጀምሬ እየለቀለቅሁ በሩ ጋ ስደርስ ተነሳልኝ አልኩት። ዝም። እሺ እግርህን ብቻ አንሳልኝ አልኩት። ዝም። እንግዲህ እኔን ታውቂኛለሽ፣ አንዴ ከጀመርኩ በቀላሉ አልመለስም። ማታ ሳይበላው የተወውን ጎመን አነሳሁበት። ሳይጠግነው ክረምት የገባበትን አጥር አነሳሁ። በመጨረሻ እናቱን አነሳሁ፣ ነፍሷን ይማርና። ድሮ እናቱ ስትነሳ ቢያንስ ጉሮሮውን ይጠርጋል። አልጠረገም። ቀና ብዬ ባየው አንገቱ ዘንበል ብሏል፣ ጣቶቹ ያንን ጥቁር የብረት መስቀል እንደጨበጡ ናቸው።

የሞተ ሰው ስቆጣ ነው ለካ የቆየሁት። ባሏ የሞተባት ሴት ደረቷን ትመታለች፤ እኔ በየትኛው እጄ ልምታ? መጀመሪያ ልታጠብ ጓሮ ሄድኩ። ታጥቤ ስመለስ ደግሞ ወለሉ ገና እርጥብ ነው። በጥግ በጥጉ ዞሬ፣ የለቀለቅሁትን እንዳልረግጥ ተጠንቅቄ ደረስኩበት። እስካሁን ይሄ ነው የሚገርመኝ። ባሌ ሞቶ እኔ ለወለል እሳሳለሁ። ከዚያ ነው የጮኽሁት።

ስለሱ ትንሽ ልንገርሽ፣ አንቺ አልደረስሽበትም። ሽፈራው ብለው ስም ያወጡለት ሺ ሰው ይፍራው ብለው ነው። እሱ ግን ሺውንም አንድ በአንድ የሚፈራ ሰው ነበር። ፈረስ ይፈራል። አውራ ዶሮ ይፈራል። ነጎድጓድ ሲሆን አልጋ ሥር አይገባም፣ አልጋው አጠገብ ግን ይቀመጣል፣ ምናልባት ብሎ። ደም ማየት ስለማይችል በዓል በመጣ ቁጥር ዶሮዬን አቅፌ የሰው ባል ፍለጋ ጎረቤት ለጎረቤት እዞራለሁ፤ ሴት አታርድም፣ የኔ ባል አያርድም፣ ዶሮዋ ብቻ አርጅታ ልትሞት ነው። አንዳንድ ዓመት መዞሩም ሰልችቶኝ በፋሲካ ጎመን በልተን አድረናል። ሥራው እንኳ እንደሱ ነበር። በአውራጃው ጽሕፈት ቤት መዝገብ ቤት። ወረቀት አይነክስም።

ኒሻኑ ከየት መጣ ብትይ፣ በንጉሡ ጊዜ ወደ ዶዮገና በሚወስደው መንገድ ላይ ወፍጮ የተከለ አንድ ጀርመናዊ ነበር። ስሙ አፋችን ላይ አልገባ ስላለ ባለወፍጮው እንለዋለን። የፈቃዱን ጉዳይ ሲጨርስለት ከሽፈራው ጋር ተዋወቁ። ሁለቱም ዝምተኞች ስለሆኑ ወዲያው ተስማሙ። አረቄ ይዘው ይቀመጣሉ፣ አንድ ቃል አይነጋገሩም፣ ሲመሽ ተጨባብጠው ይለያያሉ። እኔ እንዲህ ያለ ጨዋታ አይቼ አላውቅም። ታዲያ ሰውየው ወፍጮውን ሸጦ አገሩ ሊገባ ሲል ይሄንን ጥቁር መስቀል ከሳጥኑ አውጥቶ ሰጠው። በትልቁ ጦርነት ጊዜ ወታደር ነበር አሉ። «ይሄን የሸለሙኝ ሱሪዬ ላይ በሸናሁበት ቀን ነው» አለው። «ልጥለው አልቻልኩም፣ ይዤውም አገሬ መግባት አልፈልግም።»

ሽፈራው ይሄን ሲነግረኝ ዓይኑ ላይ ያየሁትን ብርሃን በሠርጋችን ቀን አላየሁትም።

ከዚያ ወዲያ ተለከፈ። ሌላው ሰው መጠጥ ይለክፈዋል፣ ሴት ይለክፈዋል፤ እሱን የጀርመን ብረት ለከፈው። ጋሽ ሸምሱ ባለሱቁ፣ ጉራጌው፣ ሳሙናና ጨው ሊያመጣ መርካቶ በወረደ ቁጥር ከአሮጌ ብረት ሻጮች ዘንድ ፈልግልኝ ይለዋል። የጀርመን ወታደር ዕቃ መርካቶ እንዴት ደረሰ እንዳትይኝ፤ መርካቶ የማይደርስ ነገር የለም። ሸምሱ ንስር ያለበት ኒሻን ያመጣለታል፣ ንስር ያለበት የቀበቶ ዘለበት ያመጣለታል፣ ቂጡ የተበሳ ኮዳ ያመጣለታል፣ አንዴማ የብረት ቆብ በጨው ከረጢት ጠቅልሎ አመጣለት። ይሄ እውነት የጀርመን ነው ወይ ብሎ ሲያስጨንቀው «ብረት ነው፣ አሞራ አለበት፣ ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» ይለዋል። ሁሉንም ግድግዳው ላይ በምስማር ሰቀላቸው። የኔ ግድግዳ ላይ።

ጥቁሩን መስቀል እንኳ እኔ የቤተክርስቲያን መስሎኝ በየጠዋቱ እሳለመው ነበር። የንስሐ አባታችን አባ ገብረሥላሴም ቤት ሊባርኩ መጥተው አይተውት ተሳለሙት። በኋላ ሽፈራው የወታደር ነው ሲለኝ ለአባ አልነገርኳቸውም። የሰው ጸሎት ማበላሸት ምን ያደርጋል? የብረት ቆቡን ደግሞ ገልብጬ ጭድ ጎዝጉዤ ለዶሮዬ ሰጠኋት። እንደሱ ያለ የመታቀፊያ ቦታ አይቼ አላውቅም፤ እንቁላል አይንከባለልበትም። ሽፈራው ሲያያት ትንሽ ከፋው፣ ግን አውጪ ለማለት ዶሮዋን ፈራት።

እሺ፣ ወደ ሞቱ ልመለስ።

ጩኸቴን ሰምታ መጀመሪያ የደረሰችው ከአጥር ወዲያ ያለችው አበበች ናት። የሀዲያ ልጅ ናት፤ ቆጮ መፋቅ ያስተማረችኝ፣ በወለድኩ ጊዜ ያረሰችኝ እሷ ናት። ልጇ ማቲዎስ ያኔ ዘመቻ ላይ ነው ትለኝ ነበር። አብረን ዓይኑን ከደንን፣ እግሩን ዘረጋን፣ እጁ ግን አልፈታ አለ። መስቀሉን አልለቅም አለ። እኔ ስታገል «ተይው፣ ይያዘው» አለችኝ። ተውኩት። እናትሽ ያኔ ዲላ አስተማሪ ሆና ተመድባ ነበር፤ የደረሰችው ለሠልስቱ ነው።

ቀጥለው የእድራችን ዳኛ አቶ ሄራሞ መጡ። አቶ ሄራሞ ለቅሶ የሚወዱ ሰው ናቸው። ክፉ ሆነው አይደለም፣ ነገር ሁሉ በወጉ በማዕረጉ ሲሄድ ደስ ይላቸዋል። በዚህ አገር ደግሞ ወጉን ታውቂያለሽ፤ ጀብዱ የሠራ ሰው ሲሞት ወገኖቹ ጦር ይዘው በፈረስ ይመጣሉ፣ የሟች ፈረስ ተጭኖ ይወጣል፣ መሣሪያው ልብሱ ይታያል፣ የገደለው የማረከው እየተነሳ ይፎከራል። ይሄ ለጀግና ነው። ለመዝገብ ቤት ሠራተኛ ድንኳንና ንፍሮ ይበቃዋል።

አቶ ሄራሞ ግን ግድግዳውን አዩት። ቆባቸውን አውልቀው አዩት።

«ይሄ ሰውዬ ይሄን ሁሉ ደብቆን ነው የኖረው?» አሉ።

የገዛው ነው አልኳቸው። ለጨዋታ ያህል የሚሰበስበው ነው አልኳቸው። ወደ አበበች ዞረው ሐዘን ነው የሚያናግራት፣ ውሃ ስጫት አሉ። ውሃ ሰጠችኝ። ጠጥቼ ደግሜ ነገርኳቸው፤ ደግመው ውሃ አሰጡኝ። ሦስተኛ ጊዜ ልበል አልበል እንጃ። አንቺም አግብተሽ ታዪዋለሽ፤ ባልሽ ጀግና ነበር ሲሉሽ አይደለም ማለት ሆድ ይከለክላል። ደግሞም ውሃው በዝቶብኝ ነበር።

ወሬው ተነሳ። ከሆሳዕና ሲወጣ ሽፈራው ከጀርመን ጋር ተዋግቷል ነበር የሚባለው። ፎንቆ ሲደርስ ሁለት ጀርመን ገድሏል። ሞርሲቶ ሲደርስ ታንክ ማርኳል። በነጋታው ቀብሩ ስለነበር ጠዋት ሰዉ ጎረፈ፤ አይተናቸው የማናውቃቸው ባለፈረሶች ጦራቸውን እየሰበቁ ገቡ። ሽፈራው በሕይወት ቢኖር ያን ሁሉ ፈረስ አይቶ በዚያው ይሞት ነበር።

የሟች ፈረስ የታለ? ተባለ። የለውም። ጀግና ያለፈረስ አይሆንም አሉ አቶ ሄራሞ፣ እና የጋሪ ፈረስ ተዋስን። ከጋሪው ፈትተው የሽፈራውን የቢሮ ኮት ኮርቻው ላይ አለበሱት፣ ኒሻኖቹን ደረት በደረት ሰኩበት፣ የንስሩን ዘለበት ወገቡ ላይ አሰሩለት። የብረት ቆቡስ? ዶሮዋ ታቅፋበታለች። እንቁላሎቿን አውጥተው እንቅብ ላይ አደረጉና ቆቡን ኮቱ አናት ላይ ሰቀሉት። ዶሮዋ ይሄን አልተቀበለችም። እየጮኸች ከፈረሱ ኋላ ኋላ ተከተለች። ከለቀስተኛው ሁሉ ከልቧ የምትጮኸው እሷ ነበረች ብል ሐሰት አይሆንብኝም። ፈረሱ ደግሞ የለመደው ተሳፋሪ ነው፤ ሰው ለሐዘን እጁን ባነሳ ቁጥር የጠሩት ይመስለውና ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሁለት እርምጃ ሄዶ ይቆማል፣ ሁለት እርምጃ ሄዶ ይቆማል። ለቀስተኛው ግን ፈረሱ እንኳ ጌታውን አልለይም አለ ብሎ ባሰበት።

አልቃሿ ተነስታ ኮቱን እያየች፣

ደረቱ ጠበበ ለኒሻን መስቀያ፣
ጀርመን ወዴት ይሂድ አጥቶ መሸሸጊያ።

ስትል ድንኳኑ ታመሰ። እኔ ብቻ ደርቄ ቀረሁ። እንባዬ እምቢ አለ። እውነት እልሻለሁ፣ የማን ባል ነው የሞተው ብዬ ዞር ዞር ብዬ አይቻለሁ። የኔው ሳጥኑ ውስጥ ተኝቷል፣ የሚለቀስለት ግን ሌላ ሰውዬ ነው፤ ረጅም፣ ጢማም፣ ቁጡ። ያንን ሰውዬ ደግሞ እኔ አላውቀውም፣ ወለል ስለቀልቅ እግርህን አንሳ ብዬው አላውቅም።

በዚህ መሀል የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ኢዮብ ሁለት አብዮት ጠባቂ አስከትሎ መጣ። ዕድሜው ከእናትሽ አይበልጥም፣ ሽጉጡ ግን ትልቅ ነው። ይሄን ሁሉ ጦርና ፈረስ ሰብስበው ምን ሊያደርጉ ነው ብሎ ነው አመጣጡ። የሟች ባለቤት መሆኔን ሲያውቅ እግዜር ያጥናሽ ሊል አፉን ከፍቶ እግዜርን መጥራት ስለማይችል መልሶ ዘጋው። ከዚያ ፈረሱን አየ። ቀረበ። ኒሻኖቹን አንድ በአንድ እያገላበጠ አየ። አንዱ ላይ እግሩ የተጠማዘዘ መስቀል ነበረበት፤ እዚያ ላይ ሲደርስ ፊቱ ተለወጠ። በውይይት ክበብ መጽሐፍ ላይ አይቶታል ለካ።

«ይሄ የፋሺስት ምልክት ነው» አለ።

አቶ ሄራሞ ሊያድኑን ብለው ገደል ከተቱን። አዎ፣ እነሱን ገድሎ የማረከው ነው አሉ። የት ነው የገደላቸው? አለ። እዚሁ፣ በጣልያን ጊዜ አሉ አቶ ሄራሞ። ጀርመን እዚህ አገር መቼ ዘመተ? አለ። አቶ ሄራሞ ወደ ባለፈረሶቹ ዞሩ። ባለፈረሶቹ ወደ ፈረሶቻቸው ዞሩ። የሚያውቅ የለም። አንዱ የፎንቆ ሰው ጀርመኖች ወዳጆቻችን አይደሉም ወይ፣ ሐኪም ልከውልን የለም ወይ አለ። ጓድ ኢዮብ ጀርመን ሁለት ናት ብሎ ማስረዳት ጀመረ፤ አንዷ የጓዶች፣ አንዷ የከበርቴ፣ የድሮዋ ደግሞ የፋሺስት። ሰዉ አንገቱን ይነቀንቃል። እኔ እስከዛሬ አንዷንም በቅጡ አላውቅ።

«ካልገደላቸው አብሯቸው ነበር ማለት ነው» አለ በመጨረሻ። «ኒሻን በነጻ አይሰጥም። ለፋሺስት አይለቀስም። ድንኳኑ ይፍረስ፣ ሬሳውን ለቀብር የሚበቃ ሰው ብቻ ይሸከም፣ ድምፅ እንዳይሰማ። እማማ፣ እርስዎ ቀበሌ ይመጣሉ።»

እንዲህ ያለው ትእዛዝ አዲስ አልነበረም። በዚያ ዓመት ልጃቸው ሬሳው ደጃፋቸው ላይ ተጥሎ ትንፍሽ እንዳትሉ የተባሉ ቤቶች ነበሩ። ነጠላ አዘቅዝቆ መውጣት እንኳ ያስጠይቅ ነበር። ስለዚህ ማንም ለምን አላለም። አልቃሿ ነጠላዋን አስተካክላ ቁጭ አለች። ባለፈረሶቹ ጦራቸውን ዝቅ አደረጉ። የድንኳኑን ገመድ የሚፈታው ሰውዬ መፍታት ጀመረ። ዶሮዋ ብቻ ትእዛዙን አልሰማችም።

እኔ ምን እንዳሰብኩ ልንገርሽ። ሰው ሳይለቀስለት ተቀበረ ማለት አልኖረም ማለት ነው። ያ ሁሉ ዓመት፣ ያ ሁሉ ፍርሃት፣ ያ ሁሉ ጎመን፣ እንዲሁ ድምፅ ሳይሰማ አፈር ሊገባ ነው። ያውም ባንዳ ተብሎ። ተነሳሁ። ፈርቻለሁ፣ የአርባ ዓመት ባል ፍርሃቱን አውርሶኝ ሄዷል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ባሌ ፈሪ ነበር» አልኩ።

«ምን አሉ?»

«ፈሪ ነበር። የት ይዋጋል? ጦር ሜዳ ቀርቶ በቄራ በር አላለፈም። ይሄን ሁሉ ሸምሱ ነው ከመርካቶ ያመጣለት።»

ጓድ ኢዮብ ሰዉን አየ። «የሚመሰክር አለ?»

አየሽ ጭንቁን? በሰው ለቅሶ ላይ፣ ሳጥኑ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ባለጦር ባለፈረስ እያየ፣ ፈሪ ነበር ብሎ የሚመሰክር ከየት ይመጣል? በዚህ አገር ይሄ ከስድብም በላይ ነው፣ ከዘር የሚቆጠር ነው። መጨረሻ ላይ ጋሽ ሸምሱ ቆቡን እያሻሸ ተነሳ። ወላሂ እኔ ነኝ ያመጣሁለት አለ፣ ከሳሙናው ጋር በአንድ ከረጢት። አንዴ ሚጢጢ ጥይት አምጥቼለት፣ ባዶ ቀለሃ ነው፣ ቢነካው ይፈነዳል ብሎ ሱቄን ጥሎ ወጣ፤ የገዛውን ስኳር እንኳ የወሰደው ልጄ ተከትላው ሄዳ ሰጥታው ነው አለ።

ከኋላ አንድ ሰው ፈገግ አለ። ያቺ ፈገግታ ናት ነገሩን የፈታችው።

አቶ ሄራሞ ተነሱ። ለራሳቸው ክብር ሲሉ ትንሽ ቆሙ፣ ከዚያ እሳቸውም ተናገሩ። ሌሊት ሮንድ ጥበቃ አብረን ስንወጣ የጋቢዬን ጫፍ ይዞ ነበር የሚዞረው፣ አንዴ ሌባ ሌባ ብንል እሱ ከሌባው ቀድሞ ሮጠ አሉ። አባ ገብረሥላሴ ደግሞ ለጥምቀት ጥይት ሲተኮስ ፈልጌ ያገኘሁት ከጥላዬ ሥር ነው፣ ከዲያቆናቱ መሀል ተሸጉጦ አሉ። አበበች ፍየሌ አጥር ጥሳ ጎመኑን ስትበላ አላባረራትም፣ አጠገቧ ቆሞ «እባክሽ፣ እባክሽ» ይላታል አለች። ይሄንን እንኳ እኔም አላውቅም ነበር። ከዚያ በቃ፣ ሽሚያ ሆነ። አንዱ ከአንዱ አፍ እየነጠቀ የሽፈራውን ፍርሃት ይዘረግፋል። ባለፈረሶቹ ሳይቀሩ ሳቁ። እየሳቁ ዓይናቸውን በጋቢ ይጠርጋሉ። እኔም ሳቅሁ።

ጓድ ኢዮብ አፉን በእጁ ይዞ ቆየና እሱም ተናገረ። ልጅ ሆኜ ኮክ ልሰርቅ አጥራቸው ላይ ወጥቼ በሩን ከፍቶ አየኝ አለ። እኔ ልዘል ስል እሱ ይቅርታ ብሎኝ ተመልሶ ገባ አለ። ሰዉ እንዴት እንደሳቀ ብነግርሽ። እሱም ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሽጉጥ መታጠቁ ትዝ አለውና ፊቱን ሰበሰበ።

«ታዲያ ይሄን የሚያህል ፈሪ የጦርነት ዕቃ ለምን ይሰበስባል?» አለኝ።

እውነቱን ነገርኩት። ማታ ማታ አንዱን ኒሻን ከምስማሩ ያወርድና «ይሄኛውም ፈርቶ ነበር» ይለኛል። ሌላውን ያወርድና «ይሄኛው እናቱን ጠርቶ ነበር ይሆናል» ይላል። ግድግዳ ሙሉ ፈሪ ነው የሰበሰበው። ብቻውን እንዳልሆነ ሲያውቅ እንቅልፍ ይወስደዋል። ይሄው ነው አልኩት።

ጓድ ኢዮብ መሬት መሬቱን አየ። እሱስ ማታ ማታ እንዴት እንደሚተኛ ማን ያውቃል?

ከዚያ ኒሻኖቹ ሁሉ ለቀበሌ ገቢ ይሆናሉ፣ ለቅሶው እስከ ቀብር ድረስ ይቀጥል አለ። አብዮት ጠባቂዎቹ ፈረሱን ገፈው በከረጢት ከተቱት። ሳጥኑ ውስጥ ሌላ አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። አባ ገብረሥላሴ ቀደሙኝ፤ እጁ ላይ ያለው መስቀል ነው፣ እኔ ራሴ የተሳለምኩት ነው አሉ። ጓድ ኢዮብ ይሂድ ብሎ በእጁ ምልክት ሰጠ። እንዲህ ነው አያትሽ ያንን መስቀል ይዞ የገባው። ያንን የንስር ዘለበት በኋላ አንዱ አብዮት ጠባቂ ወገብ ላይ አይቼዋለሁ፤ ቅዳሜ ገበያ መሀል፣ ያብለጨልጫል። ለፋሺስት አይለቀስም እንጂ ሱሪ ይታሰርበታል።

አልቃሿ እንደገና ተነሳች። ኮቱ አሁን ባዶ ኮት ነው፣ ቆቡም ለዶሮዋ ተመልሷል፤ ቀበሌን የዶሮ ነው ብለን አሳምነን አስቀርተነዋል። ባዶውን ኮት አየት አድርጋ፣

ዶሮ ማረድ ፈርቶ ጎመን በልቶ አደረ፣
በዚህ ክፉ ዘመን እንደሱ ማን ኖረ።

አለች። ዘመኑን ክፉ ማለት በዚያ ጊዜ ምን እንደሚያስከትል ሕፃን ያውቀዋል። ሁላችንም ወደ ጓድ ኢዮብ አየን። ጓድ ኢዮብ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ጀመር። አስሮ አስሮ አልጨርስ አለ። የታሰረውን ፈትቶ እንደገና ሲያስር በዓይኔ አይቻለሁ።

ያኔ ለቅሶ መጣ ልጄ። ያኔ ነው ለቅሶ የመጣው። ጢማሙ ሰውዬ ሄዶ የኔው ሽፈራው ተመለሰልኝ፤ አጭር፣ ጎባጣ፣ እግሩን አላነሳ ያለኝ። ደረቴን መታሁ፣ አሁን እጄ ንጹህ ነው። ባለፈረሶቹም አለቀሱ፣ ሸምሱም አለቀሰ። ሁሉንም ያስናቀችው ግን አበበች ናት። መሬት ላይ ወደቀች፣ አፈር በራሷ ላይ በተነች፣ አንስተዋት እንደገና ወደቀች። ከቤተክርስቲያን ስንመለስ እኔ ባል የሞተብኝ እሷን ደግፌ፣ አይዞሽ፣ አይዞሽ እያልኩ ነው የመጣሁት። ሽፈራውን እንዲህ ትወደዋለች ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እንዲያውም ትንሽ ሳይከነክነኝ አልቀረም።

ወደ አመሻሹ ላይ ለቀስተኛው ተበተነ። ድንኳኑ ሥር እኔና አበበች ብቻ ቀረን። የንፍሮውን ድስት በአመድ እየፈተገች ነው፤ ድምጿ ተዘግቶ ስትናገር አይሰማም። በቃሽ፣ አንቺም አልቀሻል፣ ተይው ነገ አጥበዋለሁ አልኳት። ድስቱን አስቀመጠች። ወደ መንገዱ አየች፣ ማንም የለም።

«እህቴ፣ ይቅር በይኝ» አለችኝ። «ልጄ ማቲዎስ ዘመቻ ነው እያልኩ የምነግርሽ ውሸት ነው። ከገና በፊት ልብሱን ሰጥተውኛል፣ ድምፅሽ እንዳይሰማ ብለው። ዛሬ ያለቀስኩት ሁሉ ለሱ ነው። ለጋሽ ሽፈራው ነገ በጠዋት መጥቼ አለቅሳለሁ።»